በሩን ዘግቼ ያለሰለስኩት እንጨት

የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት የእልልታዬ መቆረጥ ነው። ሳሉም ትኩሳቱም በኋላ የመጡ ናቸው። የባለቤቴ የሲሳይ እኅት ልጅ ክርስትና ሲነሣ፣ ሕፃኑ ከቤተ ክርስቲያን ታቅፎ ሲወጣ፣ እንደ ልማዴ አንገቴን ቀና አድርጌ ጀመርኩት። መሐል ላይ አለቀብኝ። አየር ልስብ አፌን ከፈትኩ፤ የገባው አየር ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ።

ላሊበላ ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው በእልልታዬ ነው የሚያውቀኝ። ሠርግ ያለበት ሰው ቀድሞ ይመጣና «ትርንጎ፣ እንጀራና ወጡን ለእኛ ተይው፤ አንቺ ድምፅሽን ይዘሽ ነይ» ይለኛል። ያን ቀን አጠገቤ የቆሙት ሴቶች ሳቁብኝ። አንዷማ «ውይ በሞትኩት፣ እርጅና እንዲህ በጠዋቱ ይመጣል እንዴ?» አለችኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነው ብዬ አንድ ጣሳ ጠላ ጠጣሁና ረሳሁት።

ይህን የምጽፈው እንደኔ ትንፋሽ ላጠረውና ምን እንደያዘው ላላወቀ ሰው ነው። ደስ የሚል ነገር አልነግራችሁም። ድኛለሁ ብዬም አልዋሽም። የሆነውን ብቻ በሆነበት ተራ እነግራችኋለሁ።

ሲሳይ አናጢ ነው። ድሮ ቁም ሣጥንና አልጋ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን አንድ ባለ ሆቴል ጠራውና በስልኩ ላይ ፎቶ አሳየው፤ ከእንጨት የተሠራ ባለ ስድስት ማዕዘን የአበባ መትከያ። «እንዲህ ያለ ለበረንዳዬ ትሠራልኛለህ?» አለው። ሲሳይ ቤት መጥቶ አንድ ሳምንት ሙሉ ከእንጨት ጋር ሲጣላ ከረመ። ስድስቱ ጣውላ ጎን ለጎን ሲገጠም ክፍተት እንዳይኖረው የእያንዳንዱ ጠርዝ በአንድ ልክ ሰያፍ መቆረጥ አለበት። በትንሹ ከተሳሳተ ስድስተኛው ጣውላ ቦታ ያጣል ወይም ይተርፈዋል። የመጀመሪያው ሲገጥምለት እንደ ሕፃን ጨፈረ። ከዚያ ባለ ስምንት ማዕዘን መጣ፤ ከዚያ ትንንሾቹ ተደጋግፈው እንደ ማር እንጀራ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉት መጡ። ከተማችን እንግዳ በሚመጣበት ወራት በረንዳ ያለው ሁሉ ይፈልጋቸው ጀመር።

እንጨቱን የምናገኘው ከፈረሱ የድሮ ቤቶች ነበር። የድሮ ቤት ማገርና ወጋግራ ጥድ ነው፤ ጥሩ ነው፣ አይነቅዝም፣ እንግዶቹም የቆየ እንጨት ይወዳሉ። ግን ስንት ዘመን ጭስ የጠጣ ነው። ላዩ ጥቀርሻ፣ ዝናብ የገባበት ጎኑ ደግሞ ሻጋታ ነው። ሲሳይ ያንን ይቆርጣል፣ ይገጥማል፣ በኮላ ያጣብቃል። ማለስለሱ የእኔ ነበር። ሻካራውን የብርጭቆ ወረቀት አስቀድሜ፣ ለስላሳውን አስከትዬ፣ ጥቁሩ ሄዶ ቀዩ የጥድ መልክ እስኪወጣ ድረስ እፈትጋለሁ። ሲያልቅ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ጫፍ እዳስሰዋለሁ። ጣቴን የያዘው ነገር ካለ አላለቀም ማለት ነው። ሲሳይ ራሱ እጄን ያምን ነበር፤ «አንቺ ካልዳሰስሽው አላስረክብም» ይል ነበር። ይህ ሥራ ደስ ይለኝ ነበር። ደስ ይለኝ እንደነበር መናገር አለብኝ፤ ተገድጄ የሠራሁት እንዳይመስላችሁ።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ።

ከእኛ ጋር የሲሳይ እናት እማሆይ ይኖራሉ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የጫኑ፣ ዐይናቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ግን ያልደከመ ሴት ናቸው። በእሳቸው ቤት በዓል በዓል ነው። አቦ፣ ሥላሴ፣ ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ፣ መድኃኔ ዓለም፤ በነዚህ ቀናት መዶሻ አይነሣም፣ ልብስ አይታጠብም። በእኛ ሠፈር በበዓል ቀን መጋዝ የሚያሰማ ሰው ቢኖር ካህናቱ ሳይቀሩ ይሰሙታል። ሲሳይም እናቱን ስለሚፈራ በበዓል ቀን ዕቃውን አይነካም። በዓሉ ግን ብዙ ነው፣ የገና ሰሞን ትእዛዙም ብዙ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ደግሞ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል። ሽ… ሽ… ነው የሚለው። ስለዚህ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን ሰቅዬ ከጓሮ ወዳለችው የሥራ ክፍል እገባለሁ። በሩን እዘጋለሁ። መስኮቷን በማዳበሪያ ከረጢት እደፍናለሁ። በበሩ ሥር ያለውን ክፍተት በአሮጌ ጋቢ እወትፋለሁ። ከዚያ አለሰልሳለሁ።

እማሆይ ከክፍሏ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ሥር፣ ፀሐይ ላይ፣ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ጸሎታቸውን ያደርሳሉ። በበዓል ቀን ደግሞ ድምፃቸው ከፍ ይላል። በሆዴ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጮክ ይበሉልኝ፤ የወረቀቱን ድምፅ ይሸፍንልኛል» እል ነበር። በሳምንቱ የሥራ ቀናት ውጭ ግቢው ውስጥ በነፋስ ነው የምፈትገው። ብናኙ ሁሉ የሚከማቸው በእነዚያ የበዓል ቀናት በተዘጋችው ክፍል ውስጥ ነበር። ስወጣ ቅንድቤ ሳይቀር ቀይ ይሆናል። ፊቴን ታጥቤ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ቤት እገባለሁ።

ከክርስትናው በኋላ ሳሉ መጣ። ደረቅ ሳል ነው፤ አክታ የለውም። ቀጥሎ ትኩሳቱ። ትኩሳቱ ጠባይ ነበረው፤ የሚመጣው በበዓል ቀን ማምሻውን ነው። ብርድ ብርድ ይለኛል፣ መገጣጠሚያዬ ይቆረጣጠማል፣ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ ይመስለኛል። በማግስቱ ይለቀኛል። ሌላ ቀን ደህና ነኝ። ቀኑ ሲዞር ደግሞ ይመጣል።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋሉት እማሆይ ናቸው። «ልጄ፣ በቅዱሳኑ ቀን ነው የሚነሣብሽ። ይህ የሐኪም ነገር አይደለም» አሉኝ። እኔ የማስበው ደግሞ ከእሳቸው የባሰ ነበር፤ በበዓል ቀን ምን እንደምሠራ አውቃለሁና። ቅዱሳኑ ቀናቸውን ስለነካሁባቸው ነው አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ሌሊት ሌሊት ይቅር በሉኝ እላለሁ፤ ቀኑ ሲመጣ ግን ትእዛዙ ስላለ ተመልሼ እገባለሁ።

ጠበል ሄድኩ። ጠበሉ እናቴ ከምትኖርበት ከሙጃ ከተማ አጠገብ ስለሆነ እዚያ ሰነበትኩ። ጠዋት እጠመቃለሁ፣ ቀን እናቴ ደጅ ቁጭ እላለሁ። ሳሉ ጠፋ። ትኩሳቱ ጠፋ። በማርያም ዕለት ታቦት ሲወጣ እልል አልኩ፤ እስከ መጨረሻው ወጣልኝ። አለቀስኩ። ተፈወስኩ አልኩ። እናቴም ዶሮ አረደች። ቤት ስመለስ እማሆይ ግንባሬን ስመው «አላልኩሽም?» አሉኝ።

ሲሳይ ሰባት መትከያ ገጥሞ ጠብቆኝ ነበር። በመጣሁ በጥቂት ቀን መድኃኔ ዓለም ሆነ። በሩን ዘጋሁ። ማምሻውን ትኩሳቱ እንደ ድሮው መጣ፤ ከድሮውም ባሰ።

ጠበሉን አላማርርም። ጠበሉ ከእንጨቱ አርቆኛል፤ እኔ ግን ከምን እንደራቅኩ ማየት አልቻልኩም። ይህን ማየት ያቃተኝ እኔ ብቻ አይደለሁም። የነገርኳቸው ሁሉ፣ ካህንም ጎረቤትም፣ ያዩት ቀኑን ነው። በዚያ ቀን እጄ ምን እንደሚሠራ የጠየቀኝ የለም። እኔም አልተናገርኩም።

ሐኪም ዘንድ ብዙ ተመላለስኩ። መጀመሪያ ብርድ ነው ተባልኩና አሞክሳሲሊን ተሰጠኝ። ቀጥሎ አስም ነው ተባለና በአፍ የሚነፋ ሳልቡታሞል ተሰጠኝ፤ ትንሽ ልቤን ከማስመታት በቀር ምንም አልሠራልኝም። ካርድ ስታወጣልኝ የነበረችው ልጅ ሥራ የሚለው ላይ ሳትጠይቀኝ «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች። አላረምኳትም። የሚታረም ነገር መሆኑንም አላወቅሁም። አናጢው ሲሳይ ነው፤ እኔ የማግዝ ሰው ነኝ ብዬ ነው የማስበው። ስለዚህ ሐኪሙ የቤት እመቤት የሚጠየቀውን ጠየቀኝ። «የምታበስይው በማገዶ ነው?» አዎ አልኩት። «በቃ፣ ጭሱ ነው። ከቤት ውጭ አብስይ።» ምድጃውን ወደ ደጅ አወጣሁት። ጭሱን ሸሸሁና ብናኙ ውስጥ ገባሁ።

ቀጥሎ ቲቢ ተባለ። አክታ ስጪ ተባልኩ፤ አክታ የለኝም። በግድ ጎርጉሬ የሰጠሁት ምንም አልተገኘበትም። ራጁ ላይ ግን ደመና የመሰለ ነገር አለ። ስለዚህ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረልኝ። ሽንቴ ብርቱካን መሰለ። ልጃችን ቤዛ የምትጠጣበትን ኩባያ ለብቻው ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ጎረቤቶቼ ደጃፍ ላይ ቆመው «እግዜር ይማርሽ» ብለው ይሄዱ ጀመር፤ አይገቡም። በዚያ ሰሞን ምንም ከባድ ሥራ ስለማልሠራ ለሲሳይ የምረዳው በማለስለሱ ብቻ ነበር። ቁጭ ብሎ የሚሠራ ነው፤ ጉልበት አይጠይቅም አልን። እሱም እኔም አልን።

ክብደቴ ሄደ። ከቤታችን እስከ ቧንቧው ድረስ ሦስት ጊዜ ማረፍ ጀመርኩ። ከዚያ ጫማ ለማሰር ጎንበስ ስል መተንፈስ አቃተኝ።

ከዚያ የኪዳነ ምሕረት ዕለት መጣ።

ባለ ስምንት ማዕዘን መትከያ ነበር። ትልቁ። ገባሁ። ዘጋሁ። አራቱን ጎን ጨረስኩ። አምስተኛው ላይ ሳል ያዘኝ። አልለቀቀኝም። ወረቀቱን ጣልኩት። በሩ ጋ ደረስኩ። ጋቢው ከሥር ተወትፎ በሩ አልከፈት አለኝ። ጎተትኩ። አልቻልኩም። ተቀመጥኩ። ከንፈሬ አልተሰማኝም። የእማሆይ ጸሎት ከውጭ ይሰማኛል። መጥራት አልቻልኩም። ድምፅ አየር ይፈልጋል። አየር የለኝም።

ጸሎቱ ቆመ። በሩ ተገፋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሲሳይ ነው የነገረኝ።

የከተማችን ሐኪሞች ወደ ደሴ ላኩኝ። በማለዳ ተነሥተን ጋሸና ስንደርስ መኪናው ለቁርስ ቆመ። ጋሸና ብርዱ ይታወቃል፣ ከፍታውም ከእኛ ይብሳል። ከመኪናው እስከ ምግብ ቤቱ በር መሄድ አቃተኝ። ሲሳይ ሊያዝለኝ ጎንበስ ሲል የጭነት መኪና ሹፌሮች ቆመው አዩን። አፈርኩ። በዚያ ሁኔታ ላይ ሆኜ ማፈሬ አሁን ይገርመኛል። ባለቤቲቱ ወንበር አውጥታ ሰጠችኝና እጄን አየች። ጥፍሬ ሰማያዊ ሆኗል። «ይህችን ልጅ ቶሎ አድርሷት» ብላ ሹፌራችንን ሻዩን ሳይጨርስ አስነሣችው።

ደሴ ስንደርስ ጣቴ ላይ የደሜን ኦክስጅን የሚለካ መቆንጠጫ አደረጉልኝና ኦክስጅን አፍንጫዬ ላይ ሰኩልኝ። ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ልጃቸውን የሚያስታምሙ እናት ነበሩ። ሳለቅስ አይተው ከቤታቸው የመጣላቸውን ሾርባ በማንኪያ አቀረቡልኝ። «አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አላህ ከሁሉ በላይ ነው» አሉኝ። ጾም ስለነበር መጠጣቱ ቢያስፈራኝም፣ ጠጣሁት።

በማግስቱ አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች። የሳንባ ሐኪም ናት አሉኝ። ራጁን አየች፣ ሲቲ ስካን አዘዘች፣ ደረቴን በጀርባዬ በኩል አዳመጠች። ከዚያ ጥፍሬን ለማየት እጄን ያዘች። በሳንባ ሕመም ጥፍር ቅርጹ ይለወጣል፤ እሱን ነበር የፈለገችው። ግን ጥፍሬን ትታ የጣቴን ጫፍ ገልብጣ ማየት ጀመረች።

«ጣትሽ ላይ መስመር የለም» አለችኝ። «ምን በላው?»

ሲሳይ አጠገቤ ቆሟል። ጣቶቼን ከእጇ ሳብኩ።

«ትኩሳቱ የሚመጣብሽ መቼ ነው?»

«በበዓል ቀን።»

«በበዓል ቀን ምን ትሠሪያለሽ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከዚያ ቀን ድረስ አልነበረም። ነገርኳት። በሩን፣ ከረጢቱን፣ ጋቢውን፣ የሻገተውን ጥድ ሁሉ። ሲሳይ መሬት መሬት አየ። ሐኪሟ አልተቆጣችኝም። አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሕመሙ ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይተስ ይባላል። ቲቢ አይደለም፣ አይተላለፍም። ሳንባ የሻጋታና የእንጨት ብናኝ በገባበት ቁጥር እንደ ጠላት ይዋጋዋል፤ ሲዋጋ ይቆስላል፤ ቢተዉት ይድናል፤ ተመልሶ ሲገባበት ደግሞ ይቆስላል። ቁስሉ ሲደጋገም ጠባሳ ይሆናል። ፋይብሮሲስ ይሉታል።

«ሳንባዬ ይመለሳል?» አልኳት።

«ያበጠው ይመለሳል። ጠባሳው አይመለስም።»

«ስንቱ ነው ጠባሳ?»

ሲቲውን ወደ መብራቱ አነሣችና አሳየችኝ። አላነበበችልኝም። ሲቲ ማንበብ ለማይችል ሰው እንኳ ይታይ ነበር። «ቀደም ብለሽ ብትመጪ» ብላ ጀመረችና ተወችው። ቀደም ብዬ መጥቼ ነበር። ሁሉም ጋ ሄጃለሁ። ያልሄድኩበት የለም።

የቲቢው መድኃኒት ቆመ። ፕሬድኒሶሎን ተጀመረልኝ። ከእንጨት ጋር በአንድ ግቢ እንዳትኖሪ ተባልኩ። ደግሞም ሐኪሟ «ከተቻለ ዝቅ ያለ አገር ብትኖሩ ይሻላል፤ ላሊበላ ከፍታው ለዚህ ሳንባ ይከብደዋል» አለችን። ሲሳይ «እሺ» አለ። ሁለታችንም እንደማይሆን እናውቃለን። እማሆይን ይዘን የት እንሄዳለን? መትከያውን የሚፈልግ በረንዳ ያለው ላሊበላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ማገገም ይባላል፤ እኔም ሌላ ስም ስላላገኘሁለት እንደዚያው እጠራዋለሁ። ፕሬድኒሶሎኑ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳቱንና ሳሉን አስታገሠልኝ፤ የምግብ ፍላጎቴን ግን ከልክ በላይ ከፈተውና ፊቴ እንደ ድፎ ዳቦ አበጠ፣ እስከዚያ ደጃፍ ላይ ቆመው ይመለሱ የነበሩት ጎረቤቶቼም ገብተው «ምነው ትርንጎ፣ ደሴ ተመችቶሻል እኮ» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር፤ እኔም ቲቢ አይደለም የሚለውን ዜና በየቤቱ እንዲያደርሱልኝ እያበላሁ ነው የሸኘኋቸው። ሲሳይ ዕቃውን ሁሉ አውጥቶ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራየ፤ ማታ ሲመጣ ከግቢው በር ላይ ልብሱን ይለውጣል፣ ፀጉሩን ይታጠባል፣ ከዚያ ነው የሚገባው፤ ማለስለሱን አሁን ራሱ በደጅ፣ እንጨቱን በውሃ እያራሰ ነው የሚሠራው፤ የእኔን ያህል እንደማይለሰልስለት ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ አንነጋገርበትም። ቤዛ ኩባያዋን ከተሰቀለበት አወረደች። በየጠዋቱ ከቤታችን እስከ ጎረቤታችን አጥር እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ ደርሼ ለመመለስ እቀመጥ ነበር፣ ኋላ ሳልቀመጥ እመለስ ጀመር፤ አንድ ቀን ደግሞ አጥሩን አልፌ እስከ ቧንቧው ድረስ ሄድኩና ባልዲ የያዙ ሴቶች መሐል ቆሜ እንደ ሰው አወራሁ። ያን ቀን ተስፋ አደረግሁ። ተስፋ ማድረጌን ለማንም አልነገርኩም።

ለቀጠሮ ደሴ ስንመለስ ስፓይሮሜትሪ የሚባል የትንፋሽ መለኪያ ቱቦ ውስጥ አስነፉኝ። «በይ ንፊ፣ ንፊ፣ ንፊ» ትለኛለች ነርሷ። ያለኝን ሁሉ ነፋሁ። ሐኪሟ ወረቀቱን አየች። ከባለፈው ጋር አስተያየችው።

«ሊመለስ የሚችለው ተመልሷል» አለችኝ።

ሌላ አልጠየቅኋትም። በቀጣዩ ቀጠሮ ልኩ ትንሽ ወረደ። ከዚያም በኋላ ትንሽ። መድኃኒት ጨመሩልኝ። ጋሸናን ሳልፍ አሁንም ከመኪና አልወርድም።

እልልታዬ አልተመለሰም። ሰው ሠርግ ሲጠራኝ ድምፅሽን ይዘሽ ነይ አይለኝም። እሄዳለሁ። አጨበጭባለሁ። ሌሎቹ እልል ሲሉ አብሬ አፌን እከፍታለሁ፣ እንዳያስታውቅብኝ።

ስለ እማሆይ አንድ ነገር ይቀረኛል።

ያ ያልተጨረሰ ባለ ስምንት ማዕዘን መትከያ ግቢያችን ውስጥ ቀርቷል። ሲሳይ ሊወስደው ሲል እኔ ነኝ ተወው ያልኩት። ታጥቦ ደርቆ፣ ውስጡ ምንም ሳይተከልበት፣ በእማሆይ በርጩማ አጠገብ ቆሟል። ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ አብረን ፀሐይ እየሞቅን ሳለ እማሆይ እጃቸውን ዘርግተው ጎኖቹን በተራ ዳሰሱ። አምስተኛው ላይ እጃቸው ቆመ።

«ይችን አልጨረስሻትም» አሉ።

«አዎ እማሆይ።»

«የኪዳነ ምሕረት ለት። እዚህ ጋ ስትደርሺ ነው ሳሉ የያዘሽ።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። በዚያ ቀን ክፍሏ ውስጥ ወድቄ እንዳገኙኝ እንጂ ምን እሠራ እንደነበር ማንም አልነገራቸውም፤ ሲሳይም እኔም ተማምለን ነበር።

«ይሰሙኝ ነበር?»

«አይ ልጄ! ዐይኔ እንጂ ጆሮዬ መች ደከመ። መጀመሪያ አይጥ መሰለኝ። ኋላ ሳልሽን ሰማሁት።»

«በየበዓሉ?»

«በየበዓሉ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ብናገር ትተይዋለሽ። ብትተይው ምን እንበላለን አልኩ። ከእንጀራው እኔም እቆርሳለሁ እኮ። ደግሞ መስማቴን ብታውቂ ታፍሪያለሽ። አንቺ በሩን ስትዘጊ እኔ ጸሎቴን ጮክ አደርግ ነበር፣ ጎረቤት እንዳይሰማብሽ ብዬ። እመቤቴ እሷን ትሸፍንልኝ፣ ኃጢአቱን እኔን ትጠይቀኝ እያልኩ።»

በዚያች ክፍል ውስጥ ሆኜ፣ በሩን ወትፌ፣ በእሳቸው ጸሎት ሥር ተሸሽጌ ስፈትግ እሳቸው ደግሞ ከውጭ እኔን እየሸፈኑ ይጮኹ ነበር። በመካከላችን አንድ ጣውላ በር ነበር። ቢከፈት ማንም አይከለክለኝም ነበር፤ ነፋሱ ብናኙን ይዞት ይሄድ ነበር። ተናደድኩባቸው። በጣም ተናደድኩባቸው። ከዚያ እጃቸው አሁንም መትከያው ሻካራ ጎን ላይ እንዳለ አየሁትና እጄን ላዩ ላይ ጫንኩት። ሁለታችንም አለቀስን። ሳል መጣብኝ፤ እስኪያልፍ ጀርባዬን ደገፉኝ።

አሁን ምስጋናዬን ልናገር። ጣቴን ገልብጣ ያየችውን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ ዕድሜዬን አልመለሰችልኝም፣ ግን ምን እንደሚገድለኝ ነገረችኝ፣ እኔም ቅዱሳኑ እንዳልሆኑ አውቄ ተኛሁ። በጾም ቀን ሾርባ ያጠጡኝን እናት አመሰግናለሁ፤ ልጃቸው ድኖላቸው እንደሆነ አላውቅም። የጋሸናዋን ባለ ወንበር አመሰግናለሁ። ሲሳይን አመሰግነዋለሁ፤ በግቢው በር ላይ በብርድ ልብሱን ሲለውጥ በመስኮት አየዋለሁ። እማሆይንም አመሰግናቸዋለሁ። በዚያ ቀን ጸሎታቸውን ያቋረጡት ወረቀቱ ዝም ሲል ስለሰሙ ነው፤ ባይሰሙኝ ኖሮ እዚያው እቀር ነበር።

ምክሬ ብዙ አይደለም። ሕመማችሁ ቀን ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ ቀኑን ትታችሁ በዚያ ቀን እጃችሁ ምን እንደነካ አስቡ። ከቤት ርቃችሁ ሲሻላችሁ የሄዳችሁበትን ቦታ አመስግኑ፣ የተዋችሁትን ነገር ግን ጠርጥሩ። ሐኪም ዘንድ ሥራችሁን ተናገሩ፤ የቤት እመቤት ነኝ ብላችሁ አትለፉት፤ እህል የምታበጥሩ፣ ሱፍ የምታባዝቱ፣ ዶሮ የምታረቡ፣ እንጨት የምትፍቁ ሁሉ ተናገሩ። የሻገተ እንጨት በደረቁ አትፈትጉ። ሻሽ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም፤ እኔ አስሬ ነበር።

ከሁሉም በላይ ደግሞ ብናኝ ያለበትን ሥራ በሩን ዘግታችሁ አትሥሩ። በሩ ተከፍቶ ሊሠራ የማይችል ሥራ ከሆነ ይቅርባችሁ። የምትደብቁት ሰው ካለ ሄዳችሁ ንገሩት፤ ምናልባት ሲሰማ ከርሞ ይሆናል።

የሥራ ክፍላችን በር አሁን ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። የምከፍተው እኔ ነኝ። ውስጧ ባዶ ናት። ከረጢቱን ከመስኮቷ ላይ አንሥቼዋለሁ፣ ነፋስ እንደልቡ ይገባል ይወጣል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ከእማሆይ ጎን ተቀምጬ የደረሰኝን ያህል አየር እስባለሁ።